የግርጌ ማስታወሻውን ለተማሪዎቹ ስጧቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ክረምት ሲገባ የሕግ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግና ወደ ጠበቆች ቢሮ ይበተናሉ። ወደ ሕግ ጆርናል የሚመደቡት ግን ጥቂት ናቸው፤ የተመደቡትም እንደ ተላላኪ ሲቆጠሩ አያለሁ። እኔም ደርሶብኛል።

ተማሪ ሳለሁ በአንድ የሕግ ጆርናል ጽሕፈት ቤት አንድ ክረምት ሠርቻለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ሳባዛና ፖስታ ሳደርስ ቆየሁ። በስድስተኛው ሳምንት ከአዘጋጆቹ አንዱ ለኅትመት የጸደቀ ጽሑፍ አምጥተው የግርጌ ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ ከምንጫቸው ጋር እንዳመሳክር አዘዙኝ። ጽሑፉ ስለ ቤት ሽያጭ ነበር። ጸሐፊው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የወሰነውን መዝገብ ቁጥር 21448ን ጠቅሰው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተደረገ ውል በምንም ሁኔታ አይጸናም ብለው ደምድመዋል። የሰበር ውሳኔዎችን ቅጾች ሳገላብጥ ግን ችሎቱ ራሱ ኋላ ላይ፣ ሻጩ ውሉን ባመነበት ጉዳይ፣ አቋሙን ማለዘቡን አገኘሁ። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አረሙ። ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው የጥብቅና ቢሮዬ በመንደር ውል ቤት የገዛ ሰው ሰነዱን ይዞ ሲመጣ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ያኔ የተማርሁት ነው፦ ሻጩ ውሉን ያምናል ወይስ ይክዳል?

ሌላም ሥራ አለ። ጆርናሎቻችን በአብዛኛው የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ግን በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ የሚጽፍ ምሁር ዳኛው በችሎት የማያነበውን ሕግ ሊተነትን ይችላል። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ልዩነቱን የሚያወጣ ትጉህ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ለማንኛውም አዘጋጅ ትልቅ እገዛ ነው።

ገና ያልታተመ ጽሑፍ ለተማሪ አይሰጥም፣ የገምጋሚዎቹ ምስጢር ይወጣል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን የምንጭ ማመሳከር የሚመጣው ጽሑፉ ተገምግሞ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ የገምጋሚውን ስምና አስተያየት ተማሪው ማየት አያስፈልገውም።

ድሬዳዋ ደግሞ ለዚህ የታደለች ናት። የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የከተማ ፍርድ ቤትና የሸሪዓ ፍርድ ቤት በአንድ ከተማ ይገኛሉ። አንድ ተለማማጅ ጠዋት ችሎት ተከታትሎ ከሰዓት በኋላ በውሳኔው ላይ አጭር ትችት መጻፍ ይችላል። ጆርናሉ ያንን በተማሪው ስም ቢያትምለት ምን ይጎድልበታል?

የመጓጓዣው ነገርም ይታሰብበት። ከሐረር ወይም ከሐሮማያ ተነሥቶ የደንገጎን ቁልቁለት በየቀኑ የሚመላለስ ልጅ ቢያንስ የመኪናው ሊሸፈንለት ይገባል፤ አለበለዚያ ዕድሉ የሚደርሰው ቤተሰቡ እዚሁ ላለው ብቻ ነው። ምርጫውም በማስታወቂያ ሰሌዳ በግልጽ ይውጣ። መምህሩ የሚያውቀው ተማሪ ብቻ በሹክሹክታ የሚጠራበት አሠራር ይቅር።

በቢሮዬ የሰበር ውሳኔዎች ቅጾችና የቆዩ ነጋሪት ጋዜጦች አሉ። በዚህ ክረምት ተለማማጅ የሚቀበል ጆርናል ካለ፣ ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይጠቀሙባቸው፤ ጠረጴዛውም ክፍት ነው።

አንድ ጠበቃ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ