የአካባቢ ጥበቃና የአትክልት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በረዶ፣ ውርጭና ሚዳቋ በአትክልት ቦታችን

የአካባቢ ጥበቃና የአትክልት ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው ችግኝ አፍልቷል፣ ግቢ አጽድቷል፣ ኮምፖስት አዘጋጅቷል፤ እነዚህ ሥራዎች በየዓመቱ ስለሚዘገቡ እዚህ አልደግማቸውም። የአባላቱን ልብ ከመስከረም እስከ ሰኔ ይዞ የቆየው ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም አንድ ተክል ተጎድቶ ሲገኝ ጉዳቱን ያደረሰው በረዶ፣ ውርጭ ወይስ እንስሳ መሆኑን ከተክሉ ገላ ላይ አንብቦ መለየት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የክበቡ ተጠሪ መምህር እንደመሆኔ ይህንን ጥያቄ ከሌሎች አስቀድሜ የያዝኩት፣ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ጎጂውን ማወቅ እንደሚቀድም ተማሪዎቻችን በእጃቸው ነክተው እንዲማሩ ስለፈለግሁ ነው።

የአትክልት ቦታችን ሁለት እርከን አለው። የላይኛው ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው ደልዳላ መሬት ሲሆን የታችኛው ወደ ወንዙ ያዘቀዘቀ፣ ዙሪያው በቁጥቋጦ የተከበበ ነው። በመስከረም መጨረሻ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከብርቱ ነፋስ ጋር በረዶ ወረደና የሁለቱም እርከን ጎመንና ቆስጣ ተበሳስቶ ተገኘ። አባላቱ ሲያዩት መጀመሪያ ያሰቡት አባጨጓሬን ነበር። ነገር ግን አባጨጓሬ የሚወደውን ተክል መርጦ ይበላል፣ ኩሱንም ቅጠሉ ላይ ይተዋል፤ በረዶ ግን ጎመኑንም ጽጌረዳውንም ሳይለይ ይመታል። ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ምልክት በቲማቲሙ ግንድ ላይ ነበር፤ ቁስሎቹ ሁሉ ነፋሱ በመጣበት በኩል ብቻ ተደርድረው ነበር። የተሰበሩትን ቅርንጫፎች በስለታም መቀስ አስተካክለን ቆረጥን፤ የተበሳው ቅጠል ግን አረንጓዴው እስካለ ድረስ ለተክሉ ምግብ መሥራቱን ስለማያቋርጥ እንዳይነካ አደረግን።

የውርጩ ነገር ከዚህ ይበልጥ አስተማሪ ነበር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ብርድ ከገባ በኋላ፣ በኅዳር አንድ ማለዳ የታችኛው እርከን ቲማቲምና ድንች ቅጠሉ በፈላ ውኃ የተነከረ ይመስል ጠቁሮና ተልፈስፍሶ ተገኘ፤ የላይኛው ግን ምንም አልሆነም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ብትሆንም ውርጭ በከተማዋ ሁሉ እኩል አይወርድም። በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ከመሬት ጋር የተነካካው አየር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየርም ከሞቃቱ ስለሚከብድ ቁልቁል እየተንሸራተተ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ደመና ካለ ግን ሙቀቱ መልሶ ስለሚያዝ ብርዱ ይለዝባል። አባላቱ በሁለቱ እርከኖች ላይ ቴርሞሜትር አስቀምጠው ማለዳ ማለዳ እየመዘገቡ ይህንን በራሳቸው አረጋገጡ፤ ሰማዩ በጠራ ጊዜ የታችኛው ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ደመና ባለበት ሌሊት ማግስት ሁለቱ መለኪያዎች የሚቀራረብ ቁጥር ያሳዩ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ከዳባትና ከደባርቅ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆቻችን መምህሮቻችን ሆኑ ብል ማጋነን አይሆንም። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከኛም በብዙ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች ውርጭን የሚያውቁት ከልጅነታቸው ነው። ወላጆቻቸው ረባዳውን መሬት ለሣር ትተው ቶሎ የሚጎዳውን ሰብል ተዳፋቱ ላይ እንደሚዘሩ ሲያስረዱ፣ እኔ በሰሌዳ ላይ የሣልኩትን የቀዝቃዛ አየር ጉዞ የከተማው ልጆች የተረዱት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ ከሰዓት በኋላ መደቡን ማጠጣት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ተክሉን መሬት እስኪነካ በጆንያ መሸፈንና ጠዋት መግለጥ የተረኞች ሥራ ሆነ። የጠቆረውን ድንች ነቅለን እንጣለው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ጤነኛ መሆኑን ቆፍረን ስላየን ተውነው፤ ከሥሩም አዲስ ቡቃያ አወጣ።

ወደ እንስሳቱ ልመለስ። መኸሩ ተሰብስቦ ሣሩ በደረቀበት በታኅሣሥና በጥር፣ የታችኛው እርከን የጽጌረዳና የአፕል ችግኞች ጫፋቸው እየተበላ መገኘት ጀመረ። መጀመሪያ የተከሰሰችው የጎረቤት ፍየል ነበረች። የተበላው ጫፍ የተቦጨቀና ጭረት ያለው መሆኑ ለክሱ ድጋፍ መሰለ፤ ምክንያቱም ፍየል ከላይኛው መንጋጋዋ የፊት ጥርስ ስለሌላት ቀንበጡን በታችኛው ጥርሷና በላይኛው ድዷ ይዛ ትቦጭቃለች እንጂ አትቆርጥም። ይሁን እንጂ ሚዳቋና ድኩላም በዚህ ረገድ ከፍየል አይለዩም። ስለዚህ ቁርጡ ብቻውን የሚፈርድ ማስረጃ አልነበረም፤ ዱካውን፣ በጠጡንና ሰዓቱን ማየት ግድ ሆነ። አባላቱ ማታ መሬቱን በመጥረጊያ አለስልሰው ሄዱ፤ ጠዋት ትንንሽ፣ ጫፋቸው የሾለ የሰኮና ዱካዎች ከቁጥቋጦው ወጥተው ወደ ቁጥቋጦው ሲመለሱ ታዩ። የጎረቤት ፍየሎች ደግሞ ማታ በረት ውስጥ ናቸው። ከተማሪ ወገብ በላይ የተነካ ቀንበጥም አልነበረም። የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛችን ጎህ ሲቀድ አንዲት ሚዳቋ አጥሩን ሾልካ ስትወጣ ባዩ ጊዜ ነገሩ ተቋጨ፤ ጎረቤታችንም ከሐሜት ዳኑ። የባቄላው ቡቃያ ግን የሌላ እንግዳ ሥራ ነበር፤ እሱ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ጥርት ብሎ፣ አግድም ሰያፍ ነበር የተቆረጠው፤ ይህ ከላይም ከታችም ስለታም የፊት ጥርስ ያላት የጥንቸል ምልክት ነው። ድንቹን ቆፍሮ የበላው ደግሞ ጃርት ሲሆን፣ የጣለው ወስፌ ስለተገኘ ክርክር አላስፈለገውም።

አንዷ አባላችን ይህንን ሁሉ ካናዳ ለምትኖር አክስቷ ጽፋላት ያገኘችው መልስ በክበቡ ስብሰባ ላይ ተነቦ ብዙ አነጋግሯል። በዚያ አገር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ለስላሳው በረዶ ምድሩን ሲሸፍን፣ የአትክልተኛው ጭንቀት ከበረዶውም ከአጋዘኑም ነው። በረዶው በውስጡ ብዙ አየር ስላለው ሥሩን እንደ ጋቢ ከብርድ ይጠብቃል፤ እርጥብና ከባድ ሆኖ ሲወርድ ግን ቅጠላቸውን የማያረግፉትን የጥድ ዓይነቶች ቅርንጫፍ ይሰብራል። ስለዚህ ቅርንጫፎቹን አስቀድመው በገመድ ያስራሉ፤ በረዶውንም ከታች ወደ ላይ በመጥረጊያ በቀስታ ያነሡታል፤ ግግር የሆነውን ግን ራሱ እስኪቀልጥ ይተዉታል፤ ምክንያቱም የቀዘቀዘ ቅርንጫፍ ቢመቱት ይቀነጠሳል። ምግብ ያጣው አጋዘን የጥዱን አጥር ሰው ቁመት ያህል እስኪደርስ ይመለጥጠዋል፤ በረዶው ሲከመርም ጥንቸሏ በላዩ ቆማ በሌላ ጊዜ የማትደርስበትን ቅርፊት ትልጣለች። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል፤ ቅጠሎች ያዘጋጁትን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደው መስመር ያለው እዚያ ነውና። የዚያ አገር አጋዘን ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ በመከርም ቀንዱን ከግንድ ጋር እያፋተገ ቅርፊት ይልጣል። የኛ ድኩላና ሚዳቋ፣ የደጋ አጋዘንም ጭምር፣ ቀንዳቸውን አይጥሉም። ልጆቻችን በዚህ ልዩነት መደነቃቸውን አይቼ የእንስሳት ምደባ ትምህርቱን ከመጽሐፉ ቅደም ተከተል አስቀድሜ አስተማርኳቸው።

መፍትሔው ላይ ስንደርስ ወጥመድ እንትከል ያሉ አልጠፉም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ በከተማ ዳርቻ እስካሁን ሚዳቋ መኖሯን እንደ ጸጋ ልንቆጥረው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ አባላቱም ከተወያዩ በኋላ በዚሁ ተስማሙ። በባሕር ማዶ አጋዘኑ ዘሎ እንዳይገባ እስከ 2.4 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለው አጥር ያስፈልጋል፤ ሚዳቋ ግን ስትዘል ሳይሆን በቀዳዳ ስትሾልክ ስላየናት ሥራችን ያተኮረው አጥሩን ከሥሩ በመድፈን ላይ ነው። የታችኛውን ጎን በግራር እሾህ ደፈንን፤ ከጀርባው አጋምና ቀጋ ተከልን፤ እያንዳንዱን የአፕል ችግኝም በቀርከሃ ቅርጫት አጠርን። አንድ ወላጅ በመከሩን መሠረት የከብት እበት በውኃ በጥብጠን ቀንበጦቹን ቀባን፤ ይህ ሽታውን በዝናብ ስለሚያጣ መታደስ አለበት። ጤና አዳሙና የጥብስ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አልተነኩም፤ ስለዚህ በጽጌረዳው መደብ ዳር ዳር እንዲተከሉ ተወስኗል።

ለቀጣዩ ዓመት አባላት የምናስረክበው ሥራ አለ። በወንዙ በኩል ያለው የአጥር ክፍል አላለቀም፤ አጋሙና ቀጋው ጥቅጥቅ ብለው አጥር እስኪሆኑ ድረስ እሾሁ በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል። ጆንያዎቹ ታጥበው በዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጠዋል፤ ብዛታቸው ግን ለታችኛው እርከን በሙሉ አይበቃም፤ ስለሆነም ባዶ ጆንያ ያላችሁ ወላጆች እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ብትልኩልን ክበቡ በምስጋና ይቀበላል። የሙቀት መመዝገቢያው ደብተርና የተጎዱት ቀንበጦች ስብስብ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ይገኛሉ፤ አዲስ የሚመዘገቡ ተማሪዎችም የመጀመሪያ ሥራቸው እነዚያን ቀንበጦች እየተመለከቱ የሚዳቋዋን፣ የጥንቸሉንና የበረዶውን መለየት ይሆናል።