የጠፉ ሰፈሮች በአሮጌ ካርታዎች ላይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ምዕራብ አሜሪካ የከብት እርባታ አገር የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከፈረሰኛውና ከመንጋው አያልፍም። የአካባቢው ነዋሪዎች ታሪክ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1879 የተቋቋመው የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባሳተማቸውና ዛሬ ማንም በነጻ ሊያወርዳቸው በሚችላቸው የመልክዓ ምድር ካርታዎች ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

በእነዚህ ካርታዎች የከፍታ መስመሮች በቡናማ፣ ውኃው በሰማያዊ፣ የሰው እጅ ሥራ በጥቁር ይታያል፤ ባንዲራ የተሰካባት ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ትምህርት ቤት ናት። ያንኑ ስፍራ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በተሠራ ካርታ ሲፈልጉት፣ አንዳንዴ የሚቀረው የመቃብር ስፍራና በነፋስ ኃይል ውኃ የሚስብ ማማ ብቻ ነው።

ምክንያቱን በከፊል ሕጉ ይነግረናል። የ1862ቱ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር (65 ሄክታር ያህል) መሬት ይሰጥ ነበር፤ ደረቅ የግጦሽ መሬት በዚህ ስፋት ቤተሰብ እንደማያኖር ሲታወቅ፣ በ1916 ለከብት አርቢዎች 640 ኤከር ተፈቀደ፣ እሱም ቢሆን በብዙ ቦታ አልበቃም። የ1930ዎቹ ድርቅ ሲጨመርበት ብዙዎች መሬታቸውን ለትልልቅ አርቢዎች ሸጠው ሄዱ፤ ልጆች ሲጠፉም ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

አንባቢ ግን ይጠንቀቅ፤ ሊመለከተው የሚገባው ካርታው የታተመበትን ሳይሆን መሬቱ የተለካበትን ዓመት ነው፤ የቦታ ስም ደግሞ ነዋሪው ከሄደ በኋላም በካርታ ላይ ሊቆይ ይችላል። ጋዜጣው ስለ አካባቢው ሲጽፍ የሁለት ዘመን ካርታዎችን ጎን ለጎን ቢያትም ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ