የቦርጭ ማጥፊያው ዕቅድ ያልነገረን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን «ቦርጭን በ30 ቀን» የተሰኘ የኪቶ አመጋገብ ዕቅድ፣ ማለትም እንጀራንና መሰል የካርቦሃይድሬት ምግቦችን አስትቶ ቅቤና እንቁላል የሚያበዛውን፣ አነበብኩት። በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ልጃቸው ከጋዜጣው ቆርጣ የሰጠቻቸውን ዝርዝር በክትትል ደብተራቸው ውስጥ አጥፈው መጡ። «ሲስተር፣ እንጀራ ከተውኩ ሳምንቴ ነው፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ላብ አጥምቋቸዋል። ስኳራቸውን ስለካው 56 ሆኖ፣ ከሚገባው በታች ወርዶ አገኘሁት። ስኳር የሚያወርደውን ኪኒን፣ ግሊቤንክላማይዳቸውን፣ እንደወትሮው ጠዋት ጠዋት ይውጡ ነበር። መድኃኒቱ የታዘዘላቸው እንጀራ እየበሉ ነው፤ እንጀራው ቀርቶ መድኃኒቱ በነበረበት ሲቀጥል ስኳር እንዲህ ይወርዳል። ኢንሱሊን በሚወጉ ሰዎች ላይም ያው ነው፤ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። በጽሑፋችሁ ግን ዕቅዱ ለማን እንደማይሆን አንድ መስመር እንኳ የለም።

ዕቅዱ ክብደት አይቀንስም አልልም፤ ይቀንሳል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከሚዛን ላይ የሚጎድለው በአብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያከማቸውን ስኳር ሲጨርስ አብሮት የነበረው ውኃ በሽንት ይወጣል፤ እንጀራው ሲመለስ ውኃውም ይመለሳል። ከሆድ ላይ ብቻ መርጦ ስብ የሚያነሳ ምግብም የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትሎ ነበር። ቅባት የቀነሱትም ካርቦሃይድሬት የቀነሱትም በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ቀንሰዋል፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሁለቱም ወገኖች ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተመክረው ነበር።

ደግሞስ ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤውና እንቁላሉ በምን ይተካል? ዕቅዱ መልስ የለውም። እኔ ታካሚዎቼን እንጀራውን ቀንሰው ጎመኑንና ምስሩን እንዲያበዙ፣ ለስላሳ መጠጥ እንዲተዉ፣ በእግራቸው እንዲሄዱ እመክራቸዋለሁ። ወገባቸውንም በሜትር እለካለሁ፤ ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለጤናው መስጋት ይገባል።

በሚቀጥለው ዕትም፣ በዚያው ዓምድ፣ ዕቅዱ በወጣበት የፊደል መጠን ማስጠንቀቂያ አውጡ፦ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ኩላሊቱን የሚያመው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሐኪም ሳያማክሩ ይህን ዕቅድ አይጀምሩ። ልጆች እየቆረጡ ለእናቶቻቸው ይሰጣሉና።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከደሴ