ይድረስ ለአብሮ አደጌ

እንደምን ከርመሃል? ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ስጽፍልህ «ምን ነካው ይሄ ሰው» ትላለህ። ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ነው እንጂ። ብርዱ ያው ነው፤ ከጣርማ በር የሚነሳው ጉም እስከ እኩለ ቀን አይለቀንም።

የጠፋሁት አፍሬ ነው። ኬሚስትሪን ከአንተ እየኮረጀ ያለፈው ልጅ የከተማችን ውሃ ማጣሪያ ኬሚካል ገዢ ሆነልህ። ሳቅህ አይደል?

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ክሎሪን በጨረታ ገዛን። ዝርዝር መግለጫው ላይ «የዱቄት ክሎሪን» ብለን ብዛቱን ጻፍን፣ በቃ። በኪሎ አነስተኛ ዋጋ የሰጠው አሸነፈ። ዕቃው በሸኖ፣ በጫጫ፣ በደብረ ብርሃን አልፎ መጣ። ንብረት ክፍል በርሜሉን ቆጠረ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ) ተቆረጠ፣ እኔም ፈረምኩ። በርሜሉ ላይ ክሎሪኑ 70 በመቶ ነው ይላል፤ የለካው ግን የለም።

ከሳምንት በኋላ የላቦራቶሪዋ ልጅ መጣች። «ጋሼ፣ ዱቄቱ ሰነፍ ነው» አለችኝ። የወትሮውን መጠን ብትጨምርም መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቧንቧ የሚገባውን ያህል ክሎሪን አልሰጣትም። እዚያ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። ዱቄቱን ስትለካው 50 በመቶ ገደማ ሆነ። እስቲ አስላው፤ 45 ኪሎ የሚይዘው በርሜል 31.5 ኪሎ ክሎሪን ሊኖረው ሲገባ ያለው 22.5 ነው። ከየበርሜሉ 9 ኪሎ የለም። ያ ርካሽ ዋጋ ሲሰላ ከሁሉም ውድ ሆኖ አረፈው።

ሻጩ አታለለን ብዬ አልምልም። ይሄ ዱቄት ሙቀትና እርጥበት ካገኘው፣ ብዙ ከቆየም፣ ኃይሉ ይሄዳል። እኛ የተመረተበትን ቀን እንኳ አልጠየቅንም! መጠኑን ጨምረን ክረምቱን ተወጣነው። ግን ሰፈር ውስጥ ሕፃን ተቅማጥ ያዘው በተባለ ቁጥር የእኔ ፊርማ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማን ላውራው? ለአንተ ደግሞ እንዴት ብዬ።

የውሃውን ድፍርስ በሚያዘቅጠው በአሉሙ በኩል ደህና ነን። አገር ውስጥም አዋሽ መልካሳ ላይ ይመረታል። ክረምት ወንዙ ሻይ በወተት ሲመስል ልጅቷ በስድስት ብርጭቆ እየሞከረች መጠኑን ታወጣለች።

ዘንድሮ መግለጫውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ዋጋው የሚወዳደረው ዱቄቱ ውስጥ ባለው ክሎሪን ነው። የምርት ቀን ይጠየቃል። ናሙናው ሳይለካ ሞዴል 19 አይቆረጥም። አንድ የኮሚቴ አባል «ጨረታውን ልታጠብብ ነው» ብሎ አኩርፎኛል። ያኩርፍ።

ረቂቁን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የናሙና አለካኩን ክፍል በደንብ እየው፤ እዚያ ላይ ራሴን አላምንም። ጨረታው የሚወጣው ከጥምቀት በኋላ ነውና እስከዚያ መልስልኝ። እማዬ «ለምን ራሱ ይዞት አይመጣም» ትላለች። አረቄው አለ።

ያው ኮራጅህ