ማጌ ገብስ ከጎታችን እንዳይጠፋ፦ ለዘር ቤት የድጋፍ ጥሪ

የመንዝ ልጆች፣ ባላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አምና ጥቅምት ላይ ውርጭ መታን። በማግስቱ ማሳዬን ሳይ ገብሱ እሳት የለበለበው ይመስላል። የዘራሁት አንድ ወጥ የቢራ ገብስ ነበር። እኩል አበበ፣ እኩል ተመታ። ከወሰኑ ማዶ ያለው የእናቴ ማሳ ግን ግማሹ ተረፈ። እሷ የምትዘራው ከእናቷ የወረሰችውን ድብልቅ ነው። ከጎታዋ እፍኝ አውጥታ ሰፌድ ላይ በተነችልኝ። ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ወይን ጠጅ የሚመስለውም አለበት። አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ይዘገያል። ውርጭ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አያገኛቸውም።

የዘረመል ብዝኃነት የሚባለው ይኸው ነው። ጥቅሙ ደግሞ ለእኛ ብቻ አይደለም። የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ ድንክ ከሚባለው ገብስ አቀጭጭ ቫይረስ የታደገው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

አዲስ አበባ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የዘር ባንክ የአገራችንን ዘር በቅዝቃዜ ያኖራል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን እዚያ ያለ ዘር ተኝቷል፤ አዲስ ውርጭም አዲስ በሽታም አያይም። ከአየሩ ጋር የሚላመደው በየዓመቱ የሚዘራው ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዘሩ የመጠቀምና ከጥቅሙ የመካፈል መብት ሰጥቶታል። አገሮችም ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ይህን ብዝኃነት ሊጠብቁ ተስማምተዋል። ዘሩ ከጎታ ካለቀ ግን መብቱ ምን ይሠራልናል?

ስለዚህ በቀበሌያችን የዘር ቤት ልንሠራ ተነስተናል። ቦታው ተገኝቷል። ድንጋዩም ጉልበቱም ከእኛ ነው። የጎደለን 60 ቆርቆሮ፣ የበርና የጣሪያ እንጨት፣ ነቀዝ የማያስገባ 30 በርሜል ነው። ዘር የተበደረ ገበሬ አንድ ቁና ወስዶ፣ አጭዶ ሲወቃ ቁና ከሩብ ይመልሳል። ቤቱ በዚህ ራሱን ይችላል፤ ደጋግመን እጃችንን አንዘረጋም።

የአንድ ቆርቆሮ ዋጋም ትልቅ እገዛ ነው። ለሚገባው ብር ሁሉ ኮሚቴው ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ወጪውን እሁድ እሁድ ለሕዝቡ ያነባል።

ደግሞ ዘር ያላችሁ ዘር ስጡን። ማጌ አግኝተናል፣ ጥቁር ገብስም አለ። ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን ገብስ ግን በየቤቱ ጠይቀን አጣን። የማን እናት ጎታ ውስጥ ይኖር ይሆን? አንድ ጣሳም ብትሆን ከሰኔ በፊት አድርሱልን።