አማካሪሽ አባትሽ አይደሉም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ብርዱና ስለ ብስክሌቱ የጻፍሽውን አባትሽ ለጎረቤት ሁሉ እያነበበ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላው ነው፤ «የሙከራው ዕቅድ ልክ አልመሰለኝም ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ስላሉ ግን ተቀበልኩ» ያልሽው።

ልጄ፣ ይህን አትድገሚው። በታላቅ ፊት ድምፅ ዝቅ ማድረግን ያስተማርንሽ እኛ ነን፤ ጥሩ አስተዳደግ ነው ብዬም አምናለሁ። ይሁን እንጂ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለቤተ ሙከራ አይሆንም። እዚያ ሆላንድ፣ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዝም ስትዪ ጨዋ ናት አይሉሽም፤ ተስማምታለች ወይም አልገባትም ይሉሻል። አማካሪሽ የሚፈልጉት ሐሳባቸውን የምትፈትን የሥራ ባልደረባ ነው። ደግሞም አንቺ የፈረምሽው የሠራተኛ ውል ነው፤ ሆላንድ ውስጥ ብዙ የዶክትሬት ተመራማሪዎች እንዳንቺው ለ4 ዓመት ተቀጥረው ደመወዝ ይከፈላቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ገደማ መቀጠልሽ የሚወሰንበት ግምገማ አለ፤ ያኔ የሚመዘነው የአንቺ አስተሳሰብ እንጂ የእሳቸው አይደለም።

ወደ ስብሰባ ስትሄጂ ጥያቄሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ሂጂ። ስትወጪ የተስማማችሁበትን በኢሜይል ላኪላቸው፤ ብዙ ተመራማሪ የሚያማክር ሰው ይረሳል። በጋራ በምታሳትሙት ጽሑፍ ላይ የማን ስም እንደሚቀድምም ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ካለቀ በኋላ ማንሳት ቂም ይወልዳል።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ስለ ዘሩ ነው። የምትሠሪው በጤፍ ላይ ነው፤ በሆላንድና በጤፍ መካከል ደግሞ ብዙ ነገር አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን የመጠቀምና ጥቅሙን የመጋራት ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠይቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ለአገራችን የተጠበቀው ጥቅም አልመጣም፤ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት መብት የሚያሰጥ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በሆላንድ ውስጥ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ወረቀቱን በጊዜው አገላብጦ «ይህ አንቀጽ ምን ማለት ነው?» የሚል ተመራማሪ ቢበዛ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ዘር በምን ፈቃድ እንደገባ ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገራችንን የዘረመል ሀብት፣ እንደ ጤፍ ያለውን ዘር ማለት ነው፣ ለማግኘት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰብም ከጥቅሙ የመካፈል መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ይህንኑ ይላል። ለምርምር የተፈቀደ ዘር ለንግድ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ፕሮጀክቱን የሚደግፍ ኩባንያ ካለ፣ ውጤቱ የማን እንደሚሆን የሚናገረውን ገጽ ፈልገሽ አንብቢ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ ከሥራሽ አንዱ ክፍል ነው።

የምትመዘግቢውም ለራስሽ ብቻ አይደለም። የጤፍ አበባ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ተመራማሪው ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካስተዋሉ በኋላ ነው ጤፍን በእጅ ማዳቀል የተቻለው። በዚሁ ማዳቀል የተገኘው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ለአርሶ አደሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ስንቱ ሰው የሌላውን ማስታወሻ እያነበበ ሠርቷል! ያልተሳካውንም ሙከራ ከነቀኑ ጻፊው።

አንድ ነገር ከከበደሽ፣ ወይም በውጤት አያያዝ ላይ የማይሆን ነገር ካየሽ፣ ብቻሽን አትሸከሚው። በዩኒቨርሲቲው ምስጢር ጠብቆ የሚያማክር ሰው አለ፤ እሱን ማነጋገር ማንንም መክሰስ አይደለም።

የዘሩን ስምምነት ስታገኚ ግልባጩን አትላኪልኝ፤ ለውጭ ሰው የማይሰጥ ሊሆን ይችላል። አንብቤዋለሁ ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ