ዳካር ላይ ስትወርዱ

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽልኝን የመርከቡን መርሐ ግብር አየሁት። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር የምትውሉት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጠዋት 8:00 ገብታችሁ 18:00 ትነሳላችሁ። አክስቴ «ሮዝ ቀለም ያለውን ሐይቅም፣ ትልቁን የአፍሪካ ሕዳሴ ሐውልትም፣ የባሪያ ንግድ ታሪክ ያላትን የጎሬ ደሴትንም አንዱንም ሳንተው እናያለን» ማለቷን ጽፈሽልኛል። አይሆንም። ጎሬን ያዙ፣ ሰዓት ከተረፈ ከወደቡ ብዙም የማይርቀውን ሙዚየም ጨምሩ፤ ሌላውን ተዉት።

ሐይቁ ከከተማው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታ ቅርብ ይመስላል። ዳካር ግን ወደ ባሕር የገባች ጠባብ መሬት ላይ ናት፣ ወደቡ ደግሞ ጫፉ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣ መኪና ሁሉ እዚያው ጠባብ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ጠዋት አንድ ሰዓት የፈጀው መንገድ ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሚፈጅ ማንም አይምልልሽም። ቀለሙም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሮዝ የሚያደርገው ዱናሊየላ ሳሊና የሚባል ጨው የሚወድ ረቂቅ አልጌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጎርፍ ገብቶበት ጨዉ ሲሳሳ ቀለሙም ደብዝዞ ነበር። አክስቴ እምቢ ካለች በመርከቡ በኩል በተሸጠ ጉብኝት ብቻ ትሂድ። በመርከቡ ጉብኝት የሄደ ሰው መንገድ ተዘግቶበት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ ታክሲ የሄደውን ግን ጥሎት ይሄዳል፣ ቀጣዩ ወደብ ድረስም በራሱ ወጪ ይከተላል።

ሐውልቱ 49 ሜትር ነው፣ የተመረቀውም እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሥሩ ለመድረስ ብቻ ወደ 200 ደረጃ አለ፤ ለጉልበትሽ አይሆንም። ደግሞ የትግላችንን ሐውልት ለምታውቂው ለአንቺ የሠሪዎቹ እጅ አዲስ አይሆንብሽም፤ ሁለቱም ላይ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሠርተዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። መርከቡ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 17:30 ሲል ችግር የለውም፣ ስድስት ስትቀንሺ የእኛ 11 ሰዓት ተኩል መሆኑ ይገባሻል። አደገኛው በሁለቱም አቆጣጠር ያለው ቁጥር ነው፤ አስጎብኚው «ኢለቨን» ሲልሽ ረፋድ 5 ሰዓት ማለቱ ነው፣ አንቺ ግን ማታ 11 መስሎሽ ዘና ትያለሽ። ከዚህ ሌላ ስልክሽ ከሴኔጋል ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ራሱን ይቀይራል፤ መርከቡ ግን ከዚያ በፊት የነበረበትን የኬፕ ቨርዴን ሰዓት እንደያዘ ሊቀጥል ይችላል፣ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ የእጅ ሰዓትሽን በመርከቡ ሰዓት ሙዪና የምታምኚው እሱን ብቻ ይሁን። «መነሻ 18:00» ማለትም እስከ 18:00 ይገባል ማለት አይደለም። የመጨረሻ መግቢያው ብዙ ጊዜ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይቀድማል። መውጫው በር ላይ ተጽፎ ይቆማል፤ ፎቶ አንሺው። ማታ ክፍላችሁ ውስጥ የሚቀመጠው የቀኑ ወረቀት ላይም የወደቡ ወኪል ስልክ አለ፤ ወረቀቱን አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ።

ከዚህ በታች ያለውን በእኛ ሰዓት ነው የምጽፈው። 2 ሰዓት መርከቡ ቢቆምም ወዲያው አትወርዱም፤ የኢሚግሬሽን ሰዎች ወረቀቱን ጨርሰው እስኪፈቅዱ ሰዓት ያህል ሊሄድ ይችላል። ወደቡ ኮንቴይነር የሚጫንበትና የሚወርድበት ስለሆነ ውስጡን በእግር አትሂዱ፣ ሸትል አውቶቡስ እስከ በሩ ያደርሳችኋል። የጎሬ ጀልባ መነሻ ከዚያ ቅርብ ነው፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ። እግርሽን ከደከመሽ ጥቁርና ቢጫ ቀለም ያለው ታክሲ አለ፤ ቆጣሪ የለውም፣ ዋጋውን ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳይተሽ ሳትስማሚ አትግቢ። ከኋላው የበግ ጭራ የተንጠለጠለበት ብታዪ አትደንግጪ፣ ለዕድል ነው የሚያስሩት።

ጀልባው በየሰዓቱ አይሄድም፤ አንዱ ካመለጠ ቀጣዩን አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ መጠበቅ ይመጣል። የ4 ሰዓቱን አስቡ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ትኬት መቁረጫው መስኮት ጋ ሁኑ፤ ሰዓቱ ስለሚቀያየር ግን ዋዜማውን አረጋግጡ። ትኬት ሲቆረጥ መታወቂያ ይጠየቃል። ፓስፖርታችሁን መርከቡ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ፎቶ ያለበትን ገጽ ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ዋጋው እንደ ነዋሪነትና እንደ ዜግነት ይለያያል፣ ለአፍሪካውያን ይቀንሳል፤ አክስቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን ኮፒ ካሳየች ከአንቺ ባነሰ ትከፍላለች። አንዴ እንኳን እሷ ትሳቅብሽ!

ስትሳፈሪ ጀልባው በማዕበሉ ከፍ ዝቅ ይላል። የሚያዳልጠው ከወደቡ ጠርዝ ወደ ጀልባው በሚረገጠው አንድ እርምጃ ላይ ነው። ቦርሳሽን በአንገትሽ አጥልቀሽ ሁለቱንም እጅሽን ነፃ አድርጊ፣ ጀልባው ከፍ ሲል ጠብቂና እኩል ሲሆን ርገጪ። ሰው ከኋላ ቢገፋሽም አትቸኩዪ።

ባሕሩ ላይ የምትቆዩት 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሻጮቹ ግን ገበያውን እዚያው ይጀምሩታል። ሴቶቹ ስምሽን ይጠይቁሻል፣ የራሳቸውን ይነግሩሻል፣ «ሱቄ ትመጫለሽ?» ይሉሻል። እኛ በይሉኝታ እሺ እንላለን። እዚያ እሺ ቃል ነው፤ ደሴቷ 28 ሄክታር ብቻ ናትና የትም ብትሄጂ ያገኙሻል። ካልፈለግሽ ፈገግ ብለሽ «ኖን፣ ሜርሲ» በያቸው። «ስጦታ ነው» ተብሎ እጅሽ ላይ የሚታሰር አምባርም አትቀበዪ፣ ኋላ ዋጋ አለው።

ደሴቷ ላይ መኪና የለም፣ መንገዱ አሸዋና ድንጋይ ነው፤ ተረከዙ የሚይዝ ጫማ አድርጊ። በቀጥታ ወደ ባሪያዎች ቤት፣ ለባርነት የሚጫኑ ሰዎች ይታጎሩበት ወደ ነበረውና ዛሬ ሙዚየም ወደ ሆነው ቤት፣ ሂዱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የመዝጋት ልማድ አለውና። ሰኞ ጭራሽ አይከፈትም። መርከባችሁ ቀን ቢያዛውርና ሰኞ ላይ ቢውል ዕቅዱ ሁሉ ይለወጣል። ቤቱ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ጎባጣ ደረጃዎች እንደ ቀንድ ተያይዘው ወደ ፎቁ ይወጣሉ። ነጋዴዎቹ ይኖሩ የነበረው ላይ ነው፣ ሰዎቹ የሚታጎሩት ከደረጃው ሥር ባሉት ጨለማ ክፍሎች። በመሐል ጠባብ ኮሪደር አለ፣ ጫፉ ላይ በር፣ ከበሩ ወዲያ ባሕር። አንቺ ፎቁን ትተሽ ታች ብቻ ብታዪ የቀረብሽ ብዙ አይደለም። አስጎብኚዎቹ በዚህ በር ስላለፉት ሰዎች ትልልቅ ቁጥር ይናገራሉ፤ የታሪክ ምሁራን ቁጥሩን አይቀበሉትም፣ ከሌሎች ወደቦች የተጫነው ከዚህ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። ቢሆንም በሩ ጋ ለመቆም ሰልፍ ይኖራል፤ ብዙ ሰው ሲያለቅስ ታያላችሁ፣ ካሜራችሁን ያን ጊዜ አውርዱት። ወደ ደሴቷ ኮረብታ መውጣት አያስፈልግም።

ታኅሣሥ ላይ ስለምትደርሱ ጾም ነው። ምሳ ቼቡ ጀን ይሉሻል፣ ሩዝ በዓሣ ነው፤ ዓሣ ካልበላሽ ከመርከቡ ዳቦና ፍራፍሬ ከመያዝሽ በፊት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ፣ ብዙ ወደብ ላይ ምግብ ይዞ መውረድ ክልክል ነው። ቢሳፕ ያሉሽ ቀይ መጠጥ ከርከዴ ነው። ቱባ የሚባለው ቡና በርበሬ መሰል ቅመም ስላለበት ያስነጥስሽ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ አታያ ሻይ ከጋበዙሽ ግን እንደ እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ዙር ነው፤ አንድ ሰዓት ከሌለሽ አትቀመጪ።

7 ሰዓት ላይ ለመመለስ አስቡ፣ ያን ጊዜ አንድ ጀልባ እንኳ ቢያመልጣችሁ ሰዓት አላችሁ። ካልደከማችሁ የጥቁር ሥልጣኔዎች ሙዚየም በባቡር ጣቢያው አካባቢ ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ እሱም ሰኞ ዝግ ነው። 10 ሰዓት ሳይሞላ መርከቡ ውስጥ ሁኑ።

ገንዘቡ ሴፋ ነው፤ 1 ዩሮ ሁልጊዜ 655.957 ሴፋ ነውና 1,000 ሴፋ አንድ ዩሮ ተኩል ገደማ ብለሽ አስቢ። የ5 እና የ10 ዩሮ ወረቀት ያዢ፤ ሳንቲም ማንም አይመነዝርልሽም፣ በትልቅ ኖት ከከፈልሽ ደግሞ መልስ የለም ይሉሻል።

ከሁሉ በፊት አሁኑኑ የምትጀምሩት ሁለት ነገር አለ። አክስቴ በስፔኗ ላስ ፓልማስ ተሳፍራ እዚያው ስለምትመለስ፣ የሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ስትመለሱ ትቀራለች፤ ተደጋጋሚ መግቢያ ይሁን። ለሴኔጋል አንቺ በአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛ አያስፈልግሽም፤ የእሷን የመርከቡ ድርጅት በጽሑፍ ይመልስላት። ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ ነገር ግን ዕድሜው ከ60 ባለፈ ሰው ላይ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሐኪምሽ ራሱ ይወስን፤ አይሆንም ካለ በቢጫው የክትባት ካርድ ላይ በሕክምና ምክንያት ከክትባቱ ነፃ መሆንሽን እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፣ መርከቡም እንደሚቀበለው አስቀድመሽ አረጋግጪ። የወባ መድኃኒት ሲያዝልሽ ደግሞ የደም ማቅጠኛ እንደምትወስጂ ንገሪው፤ አንዳንዶቹ አብረው አይሄዱም።

ቀጠሮውን ስትይዢ ደውዪልኝ፣ የመድኃኒቶችሽን ስም አብረን እንጽፋለን።

ልጅሽ